በመዳፉ ላይ ያረፈው ነጭ አቧራ

ጓድ ቢያዝን የሞተው በ1973 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ከፒያሳ ቁልቁል ባለ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚካል ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር። መርማሪው መቶ አለቃ ታከለ ሲደርስ ሬሳው በጀርባው ተንጋሎ፣ ቀኝ መዳፉ ወደ ላይ ተዘርግቶ አገኘው። ከራስጌው የተሰበረ የአሞኒያ ጠርሙስ ወድቋል። ሽታው ገና ዓይን ያስለቅሳል።

ሟቹ የሳይንስ ክፍሉ ኃላፊና የቀበሌው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሰብሳቢ ነበር። ከዚያ በፊት፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ፣ ጠመንጃ አንግቦ የአብዮት ጥበቃ ሆኖ ሠርቷል። ይህን በሰፈሩ የማያውቅ የለም፤ ደፍሮ የሚያወራውም የለም።

«አደጋ ነው» አለ የኬሚስትሪ አስተማሪው አዳሙ። «ጠርሙሱ አምልጦት ወደቀ። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ አሞኒያ ደግሞ ሳንባ ያቃጥላል።»

ታከለ ወደ ሬሳው ተጠጋ። ፖሊስ ከመሆኑ በፊት ሁለት ዓመት የመድኃኒት ቅመማ ተምሯል። ተንበርክኮ መዳፉን አየ። ስስ ነጭ አቧራ፣ በወንፊት የተነፋ ዱቄት ይመስል፣ አንድ ቦታ እንኳ ሳይነካካ አርፎበታል። የመዳፉ ጠርዝ ተልጦ ደም ቋጥሯል። ሰማያዊው የካኪ ኮት ትከሻው ላይ ነጣ ነጣ ብሏል። መደርደሪያው ላይ ተከፍቶ የተተወው፣ አሲድ የሚፈተንበት የሊትመስ ወረቀትም ቀለሙ ጠፍቶ ነጥቷል።

በዚያ ቀን ከሟቹ ሌላ ግቢው ውስጥ የነበሩት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንድ በአንድ አስጠራቸው።

«ወንድምህ የት ነው?» አለው አዳሙን።

«ወህኒ ቤት። አራተኛ ዓመቱን ያዘ።»

«ማን ጠቆመው?»

«ሟቹ።»

«ታዲያ አላዘንክም?»

«እኔ የማስተምረው ኬሚስትሪ ነው ጓድ መቶ አለቃ፤ ለቅሶ አይደለም።»

የዕቃ ቤቱ ኃላፊ እንኳየሁ ቁልፏን ጨብጣ ገባች።

«ከአሲዶቹ የተነካ አለ?»

«የለም። የሰም እሽጋቸው እንዳለ ነው።»

«አሞኒያስ?»

«ሦስት ጠርሙስ ነበር። ሁለቱ ፊት ለፊት አሉ፤ ጽሑፋቸው እንግሊዝኛ ነው። የተሰበረው ከኋላ የነበረው፣ መምህር አዳሙ በአማርኛ የጻፈበት ነው።»

«ሟቹን ትጠዪው ነበር?»

«እጮኛዬን ጠቁሞ አስበልቶታል» አለች፣ ድምጿን ዝቅ ሳታደርግ።

ዘበኛው አያ በላቸው በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። «ምነው ይህን ያህል መልፋትዎ ጌታው? አንድ ሰው ሞተ። በዚህ አገር ስንቱ ሞቷል!»

«ሲጮህ አልሰሙም?»

«ጆሮዬ ደክሟል።»

በመጨረሻ የጽዳት ሠራተኛዋ እናኑ ጥቁር ለብሳ ገባች። ቃሏን ጽፎ ሲጨርስ ወረቀቱን አስጠጋላት። «ያንብቡና ይፈርሙ እትዬ እናኑ።»

«ማንበብ አላውቅም ልጄ። በአውራ ጣቴ ልፈርም።»

ጣቷን ከማሳረፏ በፊት ግን ዓይኖቿ በመስመሮቹ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ታከለ አየ።

ሰኞ ጠዋት አራቱንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ጓድ ቢያዝንን የገደለው አሞኒያ አይደለም» ብሎ ጀመረ። «አሞኒያ ቤዝ፣ የአሲድ ተቃራኒ ነው፤ ቀይ ሊትመስን ሰማያዊ ያደርጋል እንጂ አያነጣም። ኮት የሚያነጣ፣ ሊትመስ የሚያነጣ የክሎሪን ጋዝ ነው። ነጩ አቧራስ ምንድን ነው፣ መምህር?»

አዳሙ መለሰ። «አሞኒያ ከአሲድ ጋዝ ወይም ከክሎሪን ጋር አየር ላይ ሲገናኝ ነጭ ጭስ ይሆናል። ጭሱ ቀስ ብሎ ይረጋል።»

«የረጋው መዳፉ ላይ ሳይነካካ ነው። ሰውየው ሲንፈራገጥ ቢሆን ይጠረግ ነበር። እንግዲህ አሞኒያው ሲፈስ እሱ አይንቀሳቀስም ነበር፤ ሬሳ ደግሞ ጠርሙስ አይሰብርም። መዳፉን የላጠው በር መደብደብ ነው። የዚያ በር መቀርቀሪያ በውጭ በኩል ነው።»

«ክሎሪኑ ከየት መጣ?» አለች እንኳየሁ።

«ከበረኪና። መምህር አዳሙ ሰሌዳ ላይ ሁለት ቀስት ይስላል፤ አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ። ክሎሪን በቤዝ ተይዞ በረኪና ይሆናል፤ ሚዛኑ እስካልተነካ ድረስ እዚያው ይቆያል። አሲድ ሲመጣበት ሚዛኑ ወደ ኋላ ያጋድላል፤ የታሰረው ይለቀቃል። የዕቃ ቤቱ አሲድ ግን እሽጉ አልተፈታም። ስለዚህ አሲዱ የመጸዳጃ ቤት ማጠቢያው ነው። ገዳዩ ሁለቱን ባልዲ ውስጥ ቀላቅሎ አስገባና በሩን በውጭ ቀረቀረበት፤ ኋላ ባልዲውን አወጣ።»

ታከለ አራቱን በየተራ አያቸው።

«አሞኒያው ጋዙን ለማጥፋትና አደጋ ለማስመሰል የተጨመረ ነው። አዳሙና እንኳየሁ እንግሊዝኛ ያነባሉ፤ ተጣድፈው ፊት ለፊት ያለውን ያነሱ ነበር። አያ በላቸው ፊደል አልቆጠሩም። ገዳዩ ከኋላ ያለውን ፈልጎ አነሳ፤ አማርኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ነው።»

«እትዬ እናኑ ማንበብ አይችሉም!» አለ አዳሙ ፈጥኖ።

«ቀበሌ ሄጄ ጠይቄአለሁ። ከመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች አንደኛ ወጥተው ተሸልመዋል። ሸላሚው ጓድ ቢያዝን ነበር።»

በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ከመጥረጊያዎች ጀርባ አገኘሁት። የልጅዎ የውዱ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ጠርዙ ላይ ግን በአማርኛ ‹እማየ፣ በረኪናና አሲድ አንድ ባልዲ ውስጥ እንዳታደርጊ፣ ትንፋሽ ይዘጋል። አሞኒያ ያጠፋዋል ይላሉ፤ አንቺ ግን ሩጠሽ ውጪ› ይላል።»

እናኑ ተነሣች። 

«ሰው ያነብላታል ብሎ ነው የጻፈልኝ። ሳያስነብብልኝ ልጄን ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ሦስት ዓመት ምን እንደሚል ሳላውቅ በብብቴ ይዤው ዞርኩ። ፊደል ያስቆጠረኝ ቢያዝን ነው። ማንበብ ስችል መጀመሪያ ያነበብኩት የልጄን ምክር ነው። ቀጥዬ ቢሮውን ስጠርግ የተጠቆሙ የአምስት ልጆች ስም ያለበት ወረቀት አገኘሁ። የእጅ ጽሑፉን አላጣሁትም፤ እሱን እያየሁ ነው መጻፍ የለመድኩት። ሦስተኛው ስም ልጄ ነበር።»

እንኳየሁ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አያ በላቸው መሬት መሬት እያዩ፣ «ጆሮዬስ ደኅና ነው» አሉ። «በሩ ሲደበደብ ሰምቼ ነበር።»

ታከለ ይህን አልጻፈውም። እናኑን ብቻ ይዞ ወጣ። የፖሊሱ መኪና አጠገብ ሲደርሱ ቆም አለ።

«ሲለምንዎት አንጀትዎ አልራራም?»

«ራርቶ ነበር እንጂ ልጄ! እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር። ‹ማነው?› ሲል ‹የውዱ እናት ነኝ› አልኩት። ልጄን አስታውሶ ማሪኝ ቢለኝ፣ እግዜር ምስክሬ ነው፣ እከፍትለት ነበር። እሱ ግን እየሳለ ምን አለኝ መሰለህ? ‹የትኛው ውዱ?›»