አውቶቡሱ መጣ

«የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት፤ አትረብሺኝ» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ከእናቷ ስልክ ላይ ሳትነቅል።

እናት የታጠበ ልብስ እያጠፈች ነበር። «ምን ይላል? ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ እንጂ።»

«‹አረጋዊው ምግብ አልፈልግም ቢሉ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?› ይላል። ‹ምክንያታቸውን ጠይቄ መልሳቸውን እጠብቃለሁ› የሚለውን ነካሁት። ይኸውልሽ! መቶ ከመቶ!»

እናት እልል ልትል ምንም አልቀራት። የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ሠራተኞቹ በሙሉ ከአረጋውያኑ ጋር እንዴት መነጋገር እንዳለባቸው የሚያስተምር የኦንላይን ሥልጠና ወስደው እንዲፈተኑ ታዘዋል። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ሰው ስታነሳ፣ ስታስቀምጥ ውላ ማታ ቪዲዮውን ስትከፍት፣ ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ ይላል። ስለዚህ ስልኩን ለልጇ ሰጠቻት። «ከአዛውንት ጋር ማውራት ደግሞ ልማር? ስንት ዓመት የኖርኩበት ሥራ!» አለች።

ልጅቷ ነገሩ ልክ እንዳልሆነ አልጠፋትም። ለእናት ሲሆን ግን ኩረጃ ኩረጃ አይመስልም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቤት ቁልፍ ልትቀበል ወደ መጦሪያው ጎራ አለች። እናቷ መስኮት አጠገብ ለተቀመጡ አዛውንት ሾርባ በማንኪያ እያጠጣች ነበር። አዛውንቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ናቸው፤ ግቢው ውስጥ ሁሉም «ሹፌሩ» ይላቸዋል። አሁን እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ማንኪያ መያዝ ያስቸግራቸዋል።

«አባብዬ! ሾርባችንን ልንጠጣ ነው አይደል?» አለች እናት፣ ድምጿን ሕፃን እንደሚያባብል ሰው አቅጥና። «አውቶቡሱ መጣ! ጲጵ ጲጵ! በሩን እንክፈት!»

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። የሥልጠናው ሁለተኛ ቪዲዮ ላይ «እንዲህ አይደረግም» ተብሎ የታየው ልክ ይኸው ነበር፤ አውቶቡሱ ብቻ ነው የጎደለው። እሱን እናቷ ራሷ ነበረች የጨመረችው። የድሮ ሙያቸውን አስታውሳ ደስ ልታሰኛቸው ብላ የፈጠረችው ጨዋታ ነው፤ ኮርታበታለች።

አዛውንቱ ከንፈራቸውን ገጥመው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ዛሬም አኩርፈናል ማለት ነው» አለች እናት። ሾርባው ስለቀዘቀዘ ልታሞቀው ይዛው ወጣች።

ልጅቷ ዝቅ ያለች ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። «አባባ፣ ሾርባው አልጣመዎትም እንዴ?»

መልስ የለም። ዝምታው ጨነቃት፤ ሌላ ነገር ልትቀባጥር ምላሷን በላት። እንደምንም ቻለችው።

«ሾርባው ምን አደረገኝ!» አሉ በመጨረሻ። «እናትሽ ደግ ናት። ሌሊት ሳል ሲያጣድፈኝ ቀድማ የምትደርስልኝ እሷ ናት። ግን እንዲህ ስታናግረኝ ማንን እያናገረች እንደሆነ አላውቅም። በጭጋግ፣ በዝናብ ስንቱን ሰው በሰላም አድርሻለሁ። ዛሬ አውቶቡሴ ማንኪያ ሆኖ ወደ አፌ ይመጣል። ሰው ያፍራል እኮ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯትም?»

«እንደዚያ ደስ ብሏት እያየኋት?»

ልጅቷ እናቷን ፍለጋ ተነስታ ወጣች። ኮሪደር ላይ ደግሞ የባሰ ነገር ጠበቃት። ኃላፊዋ ሲስተር ገና ሲያዩዋት ፈገግ አሉ። «ያቺ ጎበዝ እናትሽ የታለች? መቶ ያመጣችው እሷ ብቻ ናት! ሰኞ ለሠራተኛው ሁሉ በተግባር ታሳያለች፤ እዚሁ ሹፌሩ ጋ።»

ልጅቷ ክው አለች።

ዜናውን ሰምታ ከልጇ ጋር የወጣችው እናት ግን ቤት እስኪደርሱ ፊቷ እንደበራ ነበር። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ዘፍ አለችና፣ «በይ እንግዲህ፣ ሰኞ የምለውን አስጠኚኝ» አለች። «እኔ እንደሆንኩ ቶሎ ነው የምይዘው።»

እውነቷን ነው፣ ቶሎ ትይዛለች። ሰኞ በሰላም ያልፋል፤ ይጨበጨብላታል። ማክሰኞ ማንኪያው መልሶ ጲጵ ጲጵ ይላል። አዛውንቱም መስኮት መስኮቱን ያያሉ።

«እማዬ… ቪዲዮው ላይ ስህተት ተብላ የምትታየው ሴትዮ ልክ እንዳንቺ ነው የምታወራው።»

እናት ሳቀች። ልጇ አለመሳቋን ስታይ አቆመች። «እኔ? እኔ እኮ እንደ አባቴ ነው የማያቸው!»

«አያቴን ‹አውቶቡሱ መጣ› ትያቸው ነበር?»

ልጅቷ አዛውንቱ ያሉትን አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። «ሰው ያፍራል» ያሉትንም ነገረቻት። እናቷን አስከፍታ አታውቅም፤ የተናገረችውን መልሳ መዋጥ አማራት።

«እኔ ደግሞ የሚያኮርፉ ይመስለኝ ነበር» አለች እናት ቀስ ብላ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የሥራ ጫማዋን አውልቃ ወደ ጎን ገፋችው። «ሰኞ ገና ስገባ ፈተናውን ራሴ እንዳልሠራሁት ለሲስተር እነግራቸዋለሁ።»

«ቢያባርሩሽስ?»

«እንጃ።»

«እኔም አብሬሽ እገባለሁ» አለች ልጅቷ። «የተፈተንኩት እኔ ነኝ።»

እናት ራሷን በእሺታ ነቀነቀችና ስልኳን አወጣች። «እስከዚያ ሥልጠናውን ከመጀመሪያው ጀምሬ ልየው።» በጣቷ ነካ ነካ አደረገች፤ ካልኩሌተር ተከፈተ። «ወይ ጉድ! የቱ ጋ ነው?»

ልጅቷ «አምጪው፣ እኔ ላድርግልሽ» ልትል እጇን ዘረጋች። ግማሽ መንገድ ላይ መለሰችውና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«አንቺ የቱ ይመስልሻል?» አለች፤ ከዚያም ጠበቀቻት።