ለንቦቹ መርዶውን ማን ነገራቸው?

ጀርመናዊው መምህር ሂውብነር በገዛ ግቢያቸው፣ ጭንቅላታቸው ከውኃ ጉድጓዱ አፍ ድንጋይ ላይ ተፈጥፍጦ፣ ሞተው ተገኙ። ጠዋት ሬሳቸውን ያየችው ሠራተኛቸው ብላዤና ናት። የሞራቪያ መንደራችን ለፍርድ አይሰንፍም፤ ቀትር ሳይደርስ አንጥረኛው ኦንድዤይ ታሰረ። ነገ ወደ ከተማ ይወስዱታል፤ እዚያ የሚጠብቀው ገመድ ነው።

መርማሪው ቶቢያሽ እስር ቤት ገብቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ትናንት መጠጥ ቤት በምን ተጣላችሁ?»

«በስም ነዋ፣ ጌታዬ! እኛ ቼኮቹም ፖላንዶቹም ሩሲያዎቹም ጀርመንን ‹ኔሜትስ› የምንለው ለምንድን ነው ተባለ። እሳቸው ‹በራይን ወንዝ ዳር ከነበረ የጥንት ነገድ ስም የመጣ ነው› አሉ። እኔ ደግሞ ‹ምን ነገድ አመጣብኝ! አባቶቻችን ቋንቋቸውን የማይችለውን ሁሉ ድዳ ይሉት ነበር፤ ድዳ ማለት ነው› አልኳቸው። ቤቱ በሳቅ አውካካ። እሳቸው ተቆጥተው ወጡ። መሳደቡን ተሳድቤያለሁ፤ መግደል ግን… እናቴን!»

«ማን ማን ሳቀ?»

«ሁሉም። ጋሽ ኦታካር ሳይቀሩ።»

ኦታካር የሟቹ ጎረቤትና የሃያ ዓመት ወዳጅ ናቸው፤ ንብ የሚያረቡትም አብረው ነበር።

ቶቢያሽ ወደ ግቢው ሄደ። በትልቁ ቀፎ ላይ ዝናብ ያራሰው ጥቁር ጨርቅ ታስሯል።

«ብላዤና፣ አንቺ ነሽ ያሰርሽው?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም! ንብ ከነደፈኝ ፊቴ ድስት ነው የሚያክለው።»

«ዝናቡ መቼ አባራ?»

«ገና ከአልጋዬ ሳልነሳ።»

ቶቢያሽ ሁሉንም ጉድጓዱ ዳር ሰበሰባቸው፤ ኦንድዤይም እጁ እንደታሰረ መጣ።

«ጌታቸው ሲሞት መርዶ ካልተነገራቸው ንቦች ጥለው ይሄዳሉ እንላለን። ስለዚህ ቀፎውን አንኳኩተን እንነግራቸዋለን፤ ጥቁርም እናስራለን። ይህን ጨርቅ ግን ዝናብ መትቶታል። ዝናቡ ያባራው ሬሳው ሳይገኝ ነው። ያሰረው ሰው ሞቱን ከሁላችን በፊት ያውቅ ነበር፤ ለንቦቹም የሚሳሳ ሰው ነው። አቶ ኦታካር፣ ባለቤትዎ ካረፉ ወዲህ ክንድዎ ላይ ጥቁር ጨርቅ ነበር። ኮትዎን ፀሐይ በልቶታል፤ እጅጌው ላይ ግን ያልነጣ መስመር ይታየኛል። ጨርቁ የት ሄደ?»

ኦታካር ክንዳቸውን ያዙ።

«ከመጠጥ ቤቱ ስመለስ እዚህ ጠበቀኝ። ‹ሃያ ዓመት በቋንቋችሁ አወራሁህ፤ አንተም ሳቅህብኝ?› አለኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ገፋሁት።»

«ይህ ልጅ ሲታሰርስ?»

«ዝም አልኩ።»

ቶቢያሽ የኦንድዤይን እጅ ፈታ።

«ለንቦቹ ምን አሏቸው?»

«‹ጌታችሁን ገደልኩት› አልኳቸው፣ በጀርመንኛ። እሱን በሕይወት ሳለ በቋንቋው አንዲት ቃል እንኳ ተናግሬው አላውቅም።»