ካልሆነው የጥጃዋ ነው

የሰደበው ታጁ ነው፤ የባለሱቁ የአብዱልሃኪም ልጅ። ቀኑ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከምሳ በኋላ፣ ቦታው የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል። የተቃጠለችው ትንሽ ፓምፕ ገና ባልዲው ውስጥ እየጨሰች ነበር። ያየህ ይህን ሁሉ ልቅም አድርጎ ያስታውሳል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ በተለይ ከጀርባው ሳቅ የሰማ።

«ያየህ ያላየህ!» ነበር ያለው ታጁ፣ ጣቱን ቀስሮ። «ያላየህ ታደለ! ተርጓሚው ያንተ አይደል እንዴ? አቃጠልካት'ኮ!»

የኮምፒውተር ክበቡ ልጆች ሳቁ። የታጁ ታናሽ እህት ሰብሪና እንኳ ሳቀች፤ ቶሎ ብላ አፏን በእጇ ብትይዝም መሳቋን ያየህ አይቷል። ስሙን ያወጡለት አያቱ ናቸው። «ያየህ ሁሉ ይውደድህ» ብለው ነው የሰየሙት። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ማንም ያልነካውን ስም፣ ታጁ በአንድ «ላ» ገለበጠው።

ከበሩ ላይ የታጁ አባት ጋሽ አብዱልሃኪም ቆመው ነበር። ልጃቸውን ወደ ሱቅ ሊወስዱ መጥተው ነው። ጭሱን አዩ፣ ባልዲውን አዩ፣ ያየህን አዩ። ከዚያ ታጁን ይዘው ሄዱ።

ነገሩ የተጀመረው በያየህ አጎት በበላቸው ማሳ ነው። በላቸው ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ሩዙ ከታጨደ በኋላ፣ በጉድጓድ ውሃ ሽንኩርት ያለማል። ውሃውን የምታወጣለት በፀሐይ ኃይል የምትሠራ ፓምፕ ነች። ታዲያ ጉድጓዱ ሲጎድል ፓምፗ ባዶዋን ትሽከረከራለች፤ ሰው ቆሞ ካልጠበቃት ግላ ትቃጠላለች። የክበቡ ኃላፊ መምህርት ሉሊት ይህን ሲሰሙ፣ «እንግዲህ የሚጠብቃት ነገር እንሥራላት» አሉ። «ትእዛዙም ጋሽ በላቸው ራሳቸው አንብበው በሚረዱት አማርኛ ይጻፍ።»

ተጻፈ። *ቧንቧውን ክፈት። ውሃውን እይ፤ ካልሆነ ሞተሩን አጥፋና ቁም። ሞተሩን አዙር።* እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ማሽን ደግሞ አማርኛ አይሰማም። ያየህ የሠራው ተርጓሚውን ነው፤ የአማርኛውን ትእዛዝ ማሽኗ ወደምትረዳው ቁጥር የሚገለብጠውን። ኮምፒውተር የተማሩት ኮምፓይለር ይሉታል። ታጁ የሠራው ደግሞ አሳጣሪውን ነው። ፓምፗን የምታዝዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የመዳፍ ግማሽ የማትሞላ፣ ቀርፋፋ ነገር ስለሆነች፣ አሳጣሪው የተደጋገመውን ትእዛዝ ያጥፋል፣ የሚዘገየውን ወደ ፊት ያመጣል። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው የውሃ መመልከቻ መሣሪያ መልስ ለመስጠት ይዘገያል እንበል፤ እሱ ቀድሞ ይጠየቅ፣ መልሱ እስኪመጣ ቧንቧው ይከፈት። መንገዱ ይጠር፣ ትርጉሙ ግን እንዳይለወጥ። ሕጉ ይሄ ብቻ ነው።

ሐሙስ ዕለት ግን የባልዲው ውሃ ሲያልቅ ትንሿ የመሞከሪያ ፓምፕ አልቆመችም። ባዶዋን ጮኸች፣ ጮኸች፣ ከዚያ ጨሰች። ያየህም ተሰደበ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቱ ገላነሽ ጓሮ ቲማቲም እየኮተኮተች ጠራችው።

«ያየህ! ና እስቲ ልላክህ። መጀመሪያ አያልነህ ቤት ሂደህ ጥጃዋን አምጣት፤ ትናንት እዚያ አድራለች። እምቢ ካለችህ ትተሃት ና፣ ላሟን ስትሰማ ራሷ ትመጣለች። ቀጥለህ ከመፈልፈያው ቤት ሩዛችንን ተቀበል። ካልደረሰ እዚያው ቁጭ ብለህ ጠብቅ፤ ከሰው ሩዝ እንዳይቀላቅሉብን። ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

ጆሮው ሰምቷል፤ ልቡ ግን ኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ቀርቷል። ለታጁ የሚመልሰውን ስድብ እየፈተለ ወጣ። መፈልፈያው ቤት ከደብረ ታቦሩ መንገድ ዳር ነው፤ ከአያልነህ ቤት ይቀድማል። ምን አስለፋኝ አለና መጀመሪያ እዚያ ገባ።

«ሩዛችሁ ገና ነው፤ ተራችሁ አልደረሰም» አለው ሠራተኛው፣ ገለባው ቅንድቡ ላይ ተጣብቆ።

መጀመሪያው ቦታ። ካልሆነ ትተህ ና። ትቶት ወጣ።

አያልነህ ቤት ሲደርስ ጥጃዋ አራት እግሯን ተክላ ጠበቀችው። ገመዷን ጎተተ፣ ከኋላ ገፋ፣ ለመናት። ወይ ፍንክች። ሁለተኛው ቦታ። ካልሆነ ቁጭ ብለህ ጠብቅ። ድንጋይ ፈልጎ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

ፀሐይዋ ከፍ እያለች መጣች። አያልነህ ከጓዳ ብቅ አለና አንዴ ልጁን፣ አንዴ ጥጃዋን አየ።

«ምን ሆነህ ነው የተቀመጥከው?»

«እየጠበቅኳት ነው።»

«ምን እስክትሆን? ሐሳቧን እስክትለውጥ?»

ያየህ ተነሥቶ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ተመለሰ።

«ሩዙስ?» አለች ገላነሽ።

«አልደረሰም። ትቼው መጣሁ።»

«ጠብቅ አላልኩህም?»

«ካልሆነ ትተህ ና ነው ያልሽኝ።»

«እሱን ያልኩህ ለጥጃዋ! ጥጃዋስ የታለች?»

«እምቢ አለች።» ድምፁ አነሰ። «ቁጭ ብየ ጠበቅኳት።»

ገላነሽ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት መኮትኮቻውን ጣለችው፤ ሆዷን ይዛ ቲማቲሙ መሐል ተቀመጠች። «ጥጃዋን! ቁጭ ብሎ! ኧረ በስመ አብ!» እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ እሱም ተቀይሞ እንደቆመ ከንፈሩ ሊከዳው ዳር ዳር አለ። «ልጀ፣ የኔ ጌታ፣ ካልሆነው የጥጃዋ ነው እንጂ የተራው አይደለም'ኮ! አንተ ጥጃዋን ወደ ኋላ ካደረግኻት፣ ካልሆነዋን ይዛው ትሂድ እንጂ፣ ለሩዙ ጥላለት ትሄዳለች?»

የያየህ ሳቅ አፉ ላይ ቀረ።

«ምን አልሽ?»

«ምን አልኩ? ሂድ ወደ ሩዙ፣ ቶሎ በል! ያየህ? ምን ያስደርቅሃል?»

«ይዛው ትሂድ…» እያለ ሮጠ። ሩዛቸው ከሌላ ሰው ጆንያ አጠገብ አፉ ተከፍቶ ነበር የደረሰበት። እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። ሲጠብቅ ግን የሚያየው ሩዝ አልነበረም።

ሰኞ ከክፍል በኋላ መምህርት ሉሊትን አስፈቅዶ የታጁን አሳጣሪ ከፈተ። እንዳሰበው ነው። ታጁ እያንዳንዱን «ካልሆነ» ያሰረው ከትእዛዙ ጋር ሳይሆን ከተራ ቁጥሩ ጋር ነው። ሁለተኛው ትእዛዝ ከከሸፈ ሞተሩን አጥፋ፤ እንዲህ ይላል። አሳጣሪው «ውሃውን እይ»ን ከሁለተኛው ተራ ወደ አንደኛው ሲያመጣው፣ «ካልሆነ»ው እዚያው ሁለተኛው ተራ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ። በቦታው የገባው «ቧንቧውን ክፈት» ነው። ቧንቧው ደግሞ ተከፍቷል፤ ምን ጎደለው? ውሃው ሲያልቅ «እይ» የተባለው ትእዛዝ ራቁቱን ከሸፈ፣ የሚሰማው አልነበረም፣ ሞተሩም መዞሩን ቀጠለ። ጥጃዋ ፊት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ማለት ይሄ ነው።

ተርጓሚው ምንም አላጠፋም። ያየህ ምንም አላጠፋም።

ደስታው እንደ ሚጥሚጣ ያቃጥላል። ወዲያው መልሱ መጣለት፣ ተስሎ፣ እጀታ ተበጅቶለት። *ያሳጠርከው ትእዛዙን አይደለም፣ ጭንቅላትህን ነው!* ቅዳሜ ክበቡ በሙሉ አጎቱ ማሳ ላይ ለሙከራ ሲሰበሰብ፣ በሰው ፊት ይለዋል። በሰው ፊት የተሰደበ በሰው ፊት ነው የሚመልሰው። ይህን እያጣጣመ ትንሽ ሄደ፤ ግን አሳጣሪው እንዲሁ ከቀረ ቅዳሜ የምትጨሰው የአጎቱ ፓምፕ ነች። እየተበሳጨ እግሩን ወደ አብዱልሃኪም ሱቅ አዞረ።

ሱቁ ከጎንደር መንገድ መገንጠያው አጠገብ ነው፤ ባጃጆች በሩ ላይ ይራኮታሉ። ጋሽ አብዱልሃኪም ለሶላት ወጥተዋል። ታጁ ብቻውን ስኳር ይመዝናል።

«ምን ልስጥህ?» አለ፣ ዓይኑን ከሚዛኑ ሳያነሣ።

«ስህተቱ ያንተ ነው። የአሳጣሪው።»

«ተወን ባክህ! ደግሞ ጀመርክ?»

ያየህ ማስረዳት ሞከረ፤ ታጁ አልሰማ አለ። በመጨረሻ ስለ ጥጃዋ ነገረው። ድንጋዩን፣ አያልነህን፣ እናቱን፤ ሁሉንም። ታጁ ሚዛኑን ትቶ በሳቅ ፈረሰ። «ወላሂ? ጠበቅካት? ጀለሴ፣ አንተማ ገደልከኝ!» ያየህ አልሳቀም። እየጠበቀ ነበር።

የታጁ ሳቅ መሐል ላይ ተሰበረ።

«በቁጥሩ ነው ያሰርኩት» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ያ አላህ! በቁጥሩ ነው'ኮ ያሰርኩት!» ወደ በሩ ተገላመጠ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «ለአባቴ እንዳትነግረው። ወንድሜ ባሕር ዳር ከሄደ ወዲህ ሱቁ ሰው አጥሮታል። አባቴም አንድ ነገር አበላሽተህ ካገኘሁህ ክበቡ ይቀራል፣ እዚህ ትውላለህ ብሎኛል። ያን ቀን ጭሱን ሲያይ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አፌ ቀደመኝ።»

«እኔ ላይ ቀደመህ።»

ታጁ «ይቅርታ» የሚለውን ቃል አፉ ድረስ አምጥቶ ዋጠው፤ ለአንዳንድ ሰው ከስኳር ኩንታል ይከብዳል። በምትኩ ተምር በወረቀት ጠቅልሎ ገፋለት። ያየህ መንገድ ላይ አንዱን ቀመሰ። ጣፈጠው፤ መጣፈጡ ራሱ አናደደው።

በማግስቱ ግን አብረው ተቀመጡ። እያንዳንዱን «ካልሆነ» በገዛ ትእዛዙ አንገት ላይ አሰሩት፣ እንደ ጥጃ ቃጭል። ትእዛዙ ሲዛወር ቃጭሉ አብሮት ይሄዳል። ሁለት ትእዛዞች ቢመሳሰሉ እንኳ ቃጭላቸው ከተለያየ አይዋሃዱም። ሰብሪና ባልዲውን እየሞላች እየደፋች ፈተነችላቸው። «አሁን ሞልቷል! አሁን ባዶ ነው! ኧረ ቆመች!» እያለች እግሯን አረጠበች። ታጁም ያየህም ሲስቁ ተያዩና፣ ያየህ ቀድሞ ዓይኑን መለሰ። ስድቡ አሁንም እዚያው ነበር፤ መልሱም እንደዚያው።

ቅዳሜ በበላቸው ማሳ ላይ ሁሉም ተገኘ። ገላነሽ፣ መምህርት ሉሊት፣ የክበቡ ልጆች፤ ጋሽ አብዱልሃኪምም ሱቃቸውን ዘግተው መጥተዋል። ፓምፗ ተነሣች። ውሃው ቱቦውን እየነፋ ቦዩ ላይ ተረጨ፤ የቅርቦቹ መደቦች ጠጡ። ጉድጓዱ እየጎደለ፣ እየጎደለ ሄደ። ታጁ የሸሚዙን ኮሌታ ያኝክ ጀመር። ከዚያ ቀጭ አለና ፓምፗ ራሷ ዝም አለች።

በላቸው ጉድጓዱን አጎንብሶ አየና ቀና አለ። «ከስንቱ ሰው ትሻላለች! ሲያልቅባት ታቆማለች!»

ሳቅ ሆነ፣ ጭብጨባ ሆነ። ጋሽ አብዱልሃኪም እጃቸውን በልጃቸው ትከሻ ላይ ጣል አድርገው ወደ ያየህ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ክፋት አልነበረም፤ ማወቅ ብቻ ነበር የፈለጉት።

«ልጀ፣ ያን ቀን ያቺን ትንሿን ያቃጠላት የማን ጥፋት ነበር? ታጁስ ያንተ ነው ብሎኛል።»

ጭብጨባው ቆመ። ሰብሪና አፏን ያዘች፤ አሁን ግን የምትይዘው ሳቅ አልነበራትም። መልሱ በያየህ ምላስ ላይ ነበር፣ ከሰኞ ጀምሮ የተሳለው፣ እውነት የሆነው፣ ሰውም ሁሉ የተሰበሰበለት። ታጁ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። የአባቱ እጅ ገና ትከሻው ላይ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው ቢል ውሸት ነው፤ አልዋሽም አለ በልቡ። የተሳለውን መልስ ደግሞ ዋጠው።

ጎንበስ ብሎ የቱቦውን ጫፍ አነሣ። ጉድጓዱ መልሶ ውሃ ሲያጠራቅም የሚጠጡ፣ ገና ያልደረሳቸው መደቦች ከወዲያ ጥግ አሉ። ቱቦውን ትከሻው ላይ አደረገና በቦዩ ዳር መራመድ ጀመረ።

«ያየህ!» ብሎ ጮኸ ታጁ ከኋላው።

ስሙን ብቻ ነው የጠራው። ያቺን «ላ» አልጨመረበትም።

ያየህ ሰማ። ቱቦውን እየጎተተ ወደ ደረቀው ሽንኩርት ሄደ።