የአኪኒ በር

ኢንስፔክተር ኑሰይባ አኪኒን በእንግዳ ማረፊያው፣ መታጠቢያ ክፍሏ ወለል ላይ ተንጋላ አገኘቻት። ከጭንቅላቷ ሥር የፈሰሰው ደም ረግቷል። ከኬንያ፣ ከኪሱሙ፣ ብቻዋን አገር ልታይ የመጣች ነርስ ነበረች።

«ሴት ልጅ በሰው አገር ብቻዋን ምን ልትሠራ መጣች?» አሉ የማረፊያው ባለቤት አቶ ደሞዝ።

ኑሰይባ ጥርሷን ነከሰች። ከወረታ ወጥታ ፖሊስ ከሆነች ጀምሮ እሷንም በየሄደችበት የሚጠይቋት ይህንኑ ነው።

«ማን አገኛት?»

«እኔ» አለ አስጎብኚው ጌትነት። «በጀልባ ወደ ደቅ ደሴት ልንሻገር ነበር። ብጠራት ዝም አለች። የክፍሏን በር ከውስጥ በሽብልቅ ወትፋዋለች። በትከሻዬ ገፍቼ በግድ ገባሁ። አዳልጧት ነው እንጂ ማን ሊገባባት ይችላል?»

እውነትም የጎማ ሽብልቅ በሩ ሥር ወድቋል።

ኑሰይባ የክፍል አጽጂዋን ፀሐይወርቅን ለብቻዋ ጠራቻት። «ትፈራ ነበር?»

«በጣም እንጂ! ቁልፉ ተሰብሯል፤ ይጠገንልኝ ብትል ማን ሰምቷት? የበሩን እጀታ በሻርፕ ከአልጋው እግር ጋር አስራ ነው የምትተኛው። ድምፄን ካልለየች አትፈታውም።»

«ሽብልቁስ?»

«እሱንማ ከመጣች ጀምሮ ከሻንጣዋ አላወጣችውም።»

ሻርፑ ትራሱ ላይ ነበር፤ አልተቀደደም። ኑሰይባ ወደ በረንዳው ወጣች፣ በሩን ዘጋችና እጀታውን ያዘች። ፊቷ በንዴት ጋለ። ሦስቱንም ጠራቻቸው።

«ጌትነት፣ ጠዋት እንደከፈትኸው ክፈተው።»

በትከሻው ገፋ። በሩ ንቅንቅ አላለም። ኑሰይባ ገለል አድርጋው ሳብ ስታደርገው ወለል ብሎ ወደ በረንዳው ተከፈተ።

«ወደ ውጭ የሚከፈትን በር ሽብልቅ አያግደውም። አኪኒ ይህን ስላወቀች ነው በሻርፕ ያሰረችው። ሽብልቁን እዚህ ያኖረው ሌላ ሰው ነው። ሻርፑን ግን የፈታችው ራሷ ናት። ጠዋት ለማን ከፈተች?» ወደ ባለቤቱ ዞረች። «አቶ ደሞዝ፣ ስለዚህ ሰው ምን ብላዎት ነበር?»

አቶ ደሞዝ አቀረቀሩ። «ይነካካኛል፣ ሌላ አስጎብኚ ፈልጉልኝ አለችኝ። እኔ ነገሩ ቀላል መስሎኝ... ጠዋት መጥቶ ይቅርታ ይጠይቅሻል፣ ክፈችለት አልኋት።»

«ከፈተችለት። በሩን የገፋችለት እሷ ናት፤ በጥድፊያ ሲወጣም ወዴት እንደሚከፈት እንኳ ልብ አላለም።»

ጌትነት ላብ አጠመቀው። «ለፖሊስ እናገራለሁ አለችኝ። ገፈተርኋት እንጂ ልገድላት አላሰብሁም!»

«ደሟ ሲፈስ ሰው መጥራት ነበረብህ! አንተ ግን በሩ ሥር የምታኖረው ነገር ፍለጋ ሻንጣዋን በረበርህ።»

ከኑሰይባ ጋር የመጡት ፖሊሶች ካቴና ሲያስገቡለት አቶ ደሞዝ አጉተመተሙ፦ «ምናለ ብቻዋን ባትመጣ...»

«ብቻዋን አልነበረችም!» አምባረቀች ኑሰይባ። «እናንተ ነበራችሁ!»

አልጋው ላይ የቀረው የአኪኒ ስልክ ጮኸ። ኑሰይባ አንስታ አየችውና ለአቶ ደሞዝ ዘረጋችላቸው። «እኅቷ ናት። ክፈችለት ያሏት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ይንገሯት።»

አቶ ደሞዝ እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ። ስልኩ መጮኹን አላቆመም።