ፕሮሰሰሩን ባፈጠንኩት ቁጥር

ይኼ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ... እኔ ግን በሚስቴ አፈር አልቀልድም።

ባለፈው ሐምሌ ነው። ሞላሌ፣ ፎቶ ቤቴ ውስጥ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጉሙ ከመንገዱ ማዶ ያሉትን ቤቶች እንኳ ውጧቸዋል።

በማግስቱ የሚስቴ የጽናት አርባ ነው።

ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ቪዲዮ ነበረችኝ። ጽናት በራችን ላይ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስትስቅ... የቀረጽኳት እኔው ነኝ። ስልኳ ጠፍቷል፤ ድምፅዋ የቀረው እዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ለአርባዋ አሳምሬ በቴሌቪዥን ላሳያት ፈለግሁ።

የስንቱን ሠርግ ስቆርጥ ስቀጥል ኖሬ፣ ለራሴ ሚስት ሲሆን ማሽኑ ሰነፈብኝ። ቪዲዮውን አቀናብሬ ለመጨረስ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ይቀረኛል አለ። መብራቱ ደግሞ ማታ ማታ ይጠፋል።

አፈወርቅ ጋ ደወልኩ። ዓለም ከተማ ኮምፒውተር የሚጠግን ጓደኛዬ ነው።

«የባሱን ፍጥነት ልጨምረው ነው» አልኩት። ባስ ማለት ዳታው በቦርዱ ላይ የሚመላለስበት መንገድ ነው፤ እሱ ሲፈጥን ፕሮሰሰሩም አብሮ ይፈጥናል።

«ተው ኪዳነ! ያ አሮጌ ቦርድ እኮ ዲስኩንም አብሮ ነው የሚያስሮጠው። ያለህን ሁሉ ያበላሽብሃል። ደሞ ይግላል!»

«የመንዝ ብርድ እያለ?» ብዬ ዘጋሁት።

የማሽኑን ክዳን ፈትቼ ወደተከፈተው መስኮት አዞርኩት። ባዮስ የሚባለው የማሽኑ ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ የባሱን ፍጥነት ከሁለት መቶ ወደ ሁለት መቶ አሥር ሜጋኸርዝ ከፍ አደረግሁ። ተነሣ።

ቪዲዮውን ከፈትኩ...

ጽናት ከበርጩማው ተነሥታ ቆማለች።

እንዲህ ያለ ነገር አልቀረጽኩም።

ማቆም ነበረብኝ። ግን ስትንቀሳቀስ ካየኋት ስንት ቀኔ... ሁለት መቶ ሃያ አምስት አደረግሁት።

አጥሩ ጋ ደርሳለች። ጀርባዋን ሰጥታኛለች።

ሁለት መቶ አርባ።

ከአጥሩ ውጪ ነች። ጉም ውስጥ።

የቀረጽኳት በጥር ፀሐይ ነበር እኮ... ጉሙ ከየት መጣ?

ያቃጥለኛል ብዬ እየፈራሁ የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ በጣቴ ነካሁት።

በረዶ ሆኗል።

ያኔ ከስፒከሩ በጽናት ድምፅ ሹክሹክታ ሰማሁ።

«ኪዳነ...»

እዚህ አገር ማንነቱን ሳያዩ ለጠራ ሁሉ አቤት አይባልም። አቤት ያለን ጠሪው ይዞት ይሄዳል ተብሎ ከልጅነታችን ተነግሮናል። እኔ ግን ከሞተች ወዲህ በዚያ ድምፅ ስሜን የጠራኝ የለም። ቤቱ ጭር ብሎብኛል። ናፍቆት አቅል ያስታል።

«አቤት» አልኩ።

ማሽኑ ጸጥ አለ። አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል የተባለው ሥራ አልቋል።

ብቻዬን ላየው አልደፈርኩም። በፍላሽ ገልብጬ ወጣሁ።

በማግስቱ ድንኳኑ ውስጥ ከፈትኩት። ሰው ሁሉ አለቀሰ። አማቴ እማማ ሸዋረጋ ግን ክንዴን ጨበጡኝ።

«ኪዳነ ልጄ... ይኼን ማን ነው የቀረጻችሁ?»

«እኔ ነኛ፣ እማማ።»

«ታዲያ... አብሯት የሚሄደው ማነው?»

ቀና አልኩ።

ጽናት ጉሙ ውስጥ እየሄደች ነው። ከጎኗ የእኔን ጃኬት የለበሰ፣ አካሄዱም የእኔው የሆነ ሰው እጇን ይዟታል።

ጉሙ ሊሸፍናቸው ሲል ጽናት ዞር ብላ አየችኝ። ታለቅሳለች...

እሱ ግን አልዞረም።