ዳዶውን ከውስጥ የያዘው ማን ነው?

ይህ የፈጠራ ወሬ አይደለም። ማመን ያቃታችሁ እለፉት፤ አልቀየምም። እኔ ግን የሰማሁት ነገሩ ከደረሰበት ሰው አፍ ነው። ሲነግረኝ ጠራራ ፀሐይ ነበር... እሱ ግን ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነበር የተቀመጠው።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ነው። ጎንደር፣ አዘዞ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ሌሊት አይደለም። ልብ በሉ... ቀን ነው።

ሰውየው አብዱልባሲጥ ይባላል። ከአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ውስጥ የፋይበር ሥራ ይሠራ ነበር። የተሰነጠቀ የውኃ ታንከር ይጠግናል። የባጃጅ ጣሪያ ያወጣል። የተሰበረ የአውቶቡስ መከላከያ ይቀጥላል። ዛሬም አዘዞ ብትሄዱ ታገኙታላችሁ። ፋይበር ግን በእጁ አይነካም።

ያስተወችው አንዲት መኪና ናት።

መኪናዋን ያመጣችለት ወንጌላዊት የምትባል ልጅ ነች። ፒያሳ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። አባቷ መምህር ህሩይ በሕይወት ሳለ አንድ ምኞት ነበረው። በአሮጌ ቮልስ ሻሲ ላይ ከውጭ የመጣ የፋይበር ገላ ገጥሞ፣ ጣሪያ የሌላት፣ ዝቅ ያለች የስፖርት መኪና መሥራት። እንዲህ ያለው ገላ ተለያይቶ ነው የሚመጣው። በሩ ለብቻ፣ ጀርባው ለብቻ፣ የፊት ኮፈኑ ለብቻ። ሠሪው ራሱ እየቆረጠ፣ እየሞረደ፣ እየቀጠለ ይገጥመዋል።

መምህር ህሩይ አልጨረሳትም። ትክል ድንጋይ ከተማ ባለው መጋዘኑ ውስጥ፣ ከመኪናዋ አጠገብ ወድቆ ተገኘ። ልቡ ነው ተባለ። ተቀበረ።

ልጁ የምታገባው ለጥቅምት ነበር።

"በሠርግሽ ቀን በእሷ ነው የማደርስሽ ይለኝ ነበር" አለችው አብዱልባሲጥን። "እሱ ባይኖር እንኳ መኪናዋ ታድርሰኝ። ጨርስልኝ።"

እንዴት እምቢ ይበላት?

በሮቹ ገጠሙ። ጀርባዋም ትንሽ ተሞርዶ ገጠመ። አስቸጋሪው የፊት ኮፈኑ ሆነ።

ኮፈኑ ሁለቱን የጎማ መሸፈኛ ፓራፋንጎ ይዞ እስከ መስታወቱ ድረስ አንድ ወጥ ነው። የቮልስ ሞተር ደግሞ ያለው ከኋላ ነው። ስለዚህ ከኮፈኑ ሥር ያለው ባዶ ነው። ሰው እጥፍ ብሎ የሚተኛበት ያህል ባዶ።

አብዱልባሲጥ መጀመሪያ ያስተዋለው ሙቀቱን ነው።

ፋይበሩ የሚለጠፍበት ሬዚን ሲደርቅ ይሞቃል፤ እሱን ማንም የፋይበር ሠራተኛ ያውቀዋል። ይህ ግን ድሮ የደረቀ ፋይበር ነው። ግቢው በጉም ተሸፍኗል፣ የቆርቆሮው ጠርዝ ውኃ ያንጠባጥባል፣ ብረቱ ሁሉ እጅ ያደነዝዛል... ኮፈኑ ብቻ ይሞቃል። ትኩሳት እንደያዘው ሰው ግንባር።

"ከሬዚኑ ይሆናል" ብሎ አለፈው። ትናንት ጠርዙ ላይ ትንሽ ቀብቶ ነበርና።

ቀጥሎ ክፍተቱ መጣ።

ኮፈኑ ከበሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ክፍተቱ ጠባብና እኩል መሆን አለበት። የሙያው ክብር እዚያ ላይ ነው። አብዱልባሲጥ ጠርዙን ቀጥሎ፣ ሞርዶ፣ ወረቀት እንኳ በጭንቅ እስኪያልፍ ድረስ አጠበበው። ደስ ብሎት ቤቱ ገባ።

ጠዋት ሲመጣ ክፍተቱ እጅ ያስገባል።

አልተሰነጠቀም። አልተሰበረም። ኮፈኑ ከውስጥ የተገፋ ይመስል ወደ ውጭ ነፋ ብሏል።

እንደገና ሠራው። እንደገና ነፋ።

"ሻሲው ጠማማ ቢሆን ነው" አለው ጎረቤቱ ሙሉቀን። ሙሉቀን ከአጥሩ ማዶ ብየዳ የሚሠራ፣ የማይፈራ፣ ሁሉን ነገር በሳቅ የሚያሳልፍ ሰው ነው። "በብሎን ጠፍረህ እሰረው። ከሰዓት መጥቼ ዳዶውን ከሥር እይዝልሃለሁ።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ብሎኑ ከውጭ ይገባል። ብሎኑን የሚቆልፈው ዳዶ ግን ከውስጥ ነው። አንድ ሰው ከውጭ በቁልፍ ሲያዞር ሌላ ሰው ከውስጥ ዳዶውን ካልያዘ፣ ዳዶው አብሮ ይዞራል እንጂ አይጠብቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሙሉቀን ዘገየ።

አብዱልባሲጥ ብሎኖቹን ከውጭ ሰክቶ፣ ጎማው በሚገባበት ክፍት በኩል እጁን ሰዶ ዳዶዎቹን በጣቱ ጀመር ጀመር አደረጋቸው። ከዚያ ወደ ላይ ተነሥቶ፣ "ሙሉቀን እስኪመጣ ልሞክረው" ብሎ ቁልፉን አሳረፈ። አብሮ እንደሚዞር ያውቃል። እጁ እንዳይቦዝን ብቻ ነው።

አዞረው።

ጠበቀ።

ቆመ። ብሎኑን አየው። "ዝጎ ይሆናል..."

ሁለተኛውንም አዞረው። ጠበቀ። ሦስተኛውም ጠበቀ። እንዲያውም አራተኛው ላይ፣ ቁልፉን ሲያዞር፣ ከውስጥ በኩል ተቃራኒ ኃይል ተሰማው። ዝገት እንዲህ አይደለም። ዝገት ደንቆሮ ነው። ይህ ግን ሲገፉት የሚገፋ፣ ሲያላሉት የሚያላላ ነው። ሰው ለሰው እንደሚይዘው።

"ማን ይዞልህ ነው?"

አብዱልባሲጥ ዘሎ ዞረ። ሙሉቀን ነው። ጃኬቱን በራሱ ላይ ደርቦ ከግቢው በር ላይ ቆሟል።

"ማንም።"

"ዳዶው ሳይያዝ እንዴት ይጠብቃል?"

አብዱልባሲጥ ቁልፉን ከብሎኑ ላይ አነሣ። ሁለቱም ኮፈኑን አዩት።

"ፍታው" አለ ሙሉቀን። ሳቁ ጠፍቷል።

አንደኛውን ፈታው። ብሎኑ ወጣ። ዳዶው ከሥር ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ቅጭል ማለት ነበረበት።

ዝም።

ሁለተኛውን ፈታ።

ዝም...

"አልወደቀም" አለ ሙሉቀን በሹክሹክታ።

"እየሰማሁ ነው።"

"ምን ትሰማለህ?"

"ምንም። ምንም አልሰማም..."

ያኔ ነው ከኮፈኑ ሥር፣ ቀስ ብሎ፣ ለረጅም ጊዜ ሳይናገር የቆየ ሰው ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሆኖ ድምፁ የመጣው።

"ጠበበኝ..."

ሙሉቀን ጃኬቱን ጥሎ ሮጠ። አብዱልባሲጥ ግን ቁልፉን ጨብጦ ቀረ። "አዑዙ ቢላህ..." ጀመረ። ሁለት ጊዜ ምላሱ ተሳሰረ። በሦስተኛው ጨርሶት ወደ ግቢው በር አፈገፈገ። ስልኩን አውጥቶ ወንጌላዊት ጋ ደወለ።

"ነይ። ሥራውን አቁሜያለሁ።"

"ምን ተፈጠረ?"

"ነይና እይው።"

ቀኑ ሳይመሽ በባጃጅ ደረሰች። ከቤተ ክርስቲያን ነበር የመጣችው፤ ነጠላዋን አጣፍታ ለብሳለች። አብዱልባሲጥ አጥሩ ሥር ቆሞ ነገራት። እንደምትስቅበት ጠብቆ ነበር። አልሳቀችም።

"ምን ዓይነት ድምፅ?"

"የወንድ። የጎለመሰ ሰው።"

ፊቷ ተለዋወጠ። ሊይዛት እጁን ሲዘረጋ አልፋው ገባች።

"ቆይ! ወንጌላዊት!"

ኮፈኑ ፊት ተንበረከከች። ክፍተቱ አሁን ከእጅም ሰፍቷል። ውስጡ ጨለማ ነው።

"አባዬ?"

ዝም።

"አባዬ... እኔ ነኝ።"

ከውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ተኝቶ የነበረ ሰው ጎኑን ሲቀይር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ።

"ወንጌላዊት..."

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አብዱልባሲጥ ከኋላዋ ደርሷል፤ ትከሻዋን ይዟል። ትከሻዋ ይንሰፈሰፋል። ከፍርሃት አይደለም። ከናፍቆት ነው።

"ወንጌላዊት... ነይ ግቢ... ቦታ አለ።"

አብዱልባሲጥ ትከሻዋን አጥብቆ ያዘ። ቅድም ጠበበኝ ያለው ያው ድምፅ ነው።

እሷ እጇን ወደ ክፍተቱ ሰደደች። ጣቶቿ ገቡ። መዳፏ ሊገባ ሲል ቆመች። ሰውነቷ ሁሉ ቀጥ አለ።

"አባዬ" አለች፣ በጣም ቀስ ብላ። "ቤት ውስጥ ማን ብለህ ነው የምትጠራኝ?"

ዝናቡ ብቻ ተሰማ።

"...ልጄ።"

"አይደለም።"

"...ወንጌል።"

"አይደለም።"

በመለሰ ቁጥር ድምፁ እየቀረበ ነበር። የመጨረሻውን የተናገረው ከክፍተቱ አፍ ላይ ሆኖ ነው። ትንፋሹ ፊቷን ነካው። ትንፋሹ ሬዚን ሬዚን ይላል።

አንገቷን ሳታዞር፣ ከንፈሯን ሳትከፍት ማለት ይቻላል፣ ተናገረች።

"አብዱል... አባቴ እመይቴ ነበር የሚለኝ። አንድ ቀን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።"

"ወደ ኋላ ነይ። ቀስ ብለሽ።"

"አልችልም።"

"ምነው?"

"ነጠላዬን ይዞታል።"

አየ። የነጠላዋ ጫፍ ክፍተቱ ውስጥ ገብቷል። እየተሳበ ነው። በኃይል አይደለም። ቀስ በቀስ፣ ክር እንደሚጠቀልል ሰው በትዕግሥት። ጨርቁ አንገቷ ላይ ተጣፍቷልና ፊቷ ወደ ጨለማው እየቀረበ ሄደ።

"በስመ አብ... በስመ አብ ወወልድ..."

አብዱልባሲጥ የፋይበር ጨርቅ የሚቆርጥበትን ምላጭ ከጠረጴዛው ነጥቆ መጣ። ነጠላውን በአንድ እጁ ወጠረው። ከአገጯ ሥር አስገብቶ ሸረከተው። እሷን አቅፎ ወደ ኋላ ወደቀ።

የተቆረጠው ነጠላ መሬት ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ተንፏቆ፣ ጥለቱ ድረስ፣ ገባ።

እየተጎተቱ ተነሥተው ወደ በሩ ሮጡ። በሩን ሲከፍቱ ከኋላቸው ድምፁ መጣ። አሁን ግን ተለውጧል። ሞቅ ያለ፣ ትንሽ ሳል ያለበት፣ ደግ የአባት ድምፅ።

"እመይቴ... እመይቴ... የት ትሄጃለሽ?"

ወንጌላዊት ሁለት ጆሮዎቿን ይዛ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ያ ድምፅ የአባቷ ነበር። ልክ የአባቷ። ስሙን የሰጠችው ግን ራሷ ናት፣ አሁን፣ በገዛ አፏ።

ጠዋት ሙሉቀን ሰዎች ይዞ መጣ። ስለሸሸ አፍሮ ነበር። በአንድ ላይ "አንሡ!" ብለው ኮፈኑን ገለበጡት።

ሥሩ ባዶ ነው። ማንም የለም። ቀዳዳም፣ መደበቂያም የለም። ሲሚንቶው ላይ የወንጌላዊት ነጠላ ብቻ ነበር። በሥርዓት ታጥፏል። እናት ሣጥን ውስጥ ልታስቀምጥ እንደምታጥፈው፣ ጠርዝ በጠርዝ።

"ኮፈኑ ወደነበረበት ይመለስ" አለች ወንጌላዊት በስልክ። "መጋዘኑ ይዘጋበት።" ነጠላውንም አልወሰደችም።

ጥቅምት ሲደርስ አገባች። በሰው ኮሮላ ሄደች። አብዱልባሲጥ ሠርጓ ላይ ነበር፤ ደህና ነች፣ ትስቃለች። ከዚያ ወዲህ ሲገናኙ ስለዚያ ቀን አያነሡም። እሱ ግን አንድ ያልነገራት ነገር አለ። ለእኔም የነገረኝ ደጋግሜ ለምኜው ነው።

በዚያው በገለበጡበት ጠዋት ኮፈኑን ወደ ትክል ድንጋይ የጫኑት በአንድ አሮጌ አይሱዙ ነው። ሹፌሩ አያ ሐብተ ማርያም ይባላሉ። ከመንገድ የተጠሩ ሰው ናቸው፤ ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልሰሙም። ኮፈኑን ደፍተው በገመድ አሰሩት። ሙሉቀንም ሰዎቹም ሄዱ። አይሱዙው ተነሣ።

ግቢው በር ላይ ሲደርስ ቆመ።

አያ ሐብተ ማርያም ወረዱ። በዝናቡ ውስጥ ዞረው የተሳፋሪውን በር ከፈቱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ክንዳቸውን ዘረጉ፣ መውጣት የሚከብደውን ሰው እንደሚደግፉ። ጠበቁ... ጠበቁ... ከዚያ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

"አያ ሐብተ ማርያም!" ብሎ ተጣራ አብዱልባሲጥ።

አልሰሙትም። ወደ መሪያቸው ወጡ። ወደ ባዶው ወንበር ዞረው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ፈገግ አሉ፤ በሁለት እጃቸው መሪውን ያዙ።

መኪናው ወደ መንገዱ ሲታጠፍ፣ በዚያ ብርድና ዝናብ፣ በእጅ እየተሽከረከረ የሚከፈተው የተሳፋሪው መስታወት...

ቀስ...

እያለ...

ወረደ።