ሁለት ጊዜ የወደቀው ኬዝ

አሽረፍ ከመሥሪያ ጠረጴዛው አጠገብ በደረቱ ተደፍቶ ነበር። ቀኝ እጁ ትንሽ መፍቻ እንደጨበጠ ቀርቷል። ከጭንቅላቱ ጎን አንድ ግራጫ የኮምፒውተር ኬዝ፣ ያ ዕቃውን ሁሉ በሆዱ የሚይዘው የብረት ሣጥን፣ በጎኑ ተጋድሟል፤ ማዕዘኑ ላይ ደም አለ። ከበላዩ፣ ግድግዳው ላይ በተመታው መደርደሪያ የላይኛው ረድፍ ላይ፣ አንድ ባዶ ቦታ ይታያል።

ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ጋቢና ነጠላ በተንጠለጠለባቸው ሱቆች መሃል ባለችው ያገለገለ ኮምፒውተር መሸጫ በር ላይ ሰው ተኮልኩሏል። የሚባለው አንድ ነገር ነው፤ «ኬዝ ወደቀበት። ቀኑ ደርሶ ነው።»

ኢንስፔክተር ሰርካለም ግን ስለ ቀን መድረስ ከማውራቷ በፊት ማየት ትወዳለች። የቀጨኔ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ልጅ ናት፤ አባቷ ከመዶሻው ድምፅ በላይ ሲናገር ስለማይሰማ፣ ልጅነቷን ያሳለፈችው በጆሮዋ ሳይሆን በዓይኗ እየተማረች ነው። ቁጢጥ ብላ አስከሬኑን አየች። መደርደሪያውን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር ስትመለከት፣ ወደ ውስጥ የተገፋ ሌላ ነጭ ኬዝ አገኘች። አዲስ ነው። አልነካችውም።

«ሳጅን፣ አስከሬኑ ለምርመራ ይላክ። ሱቁ ይታሸግ። ወንድምም ይሁን እናት ማንም እንዳይገባ።»

ሳጅን ገለታ ግር አለው። «አደጋ አይደለም እንዴ?»

«ይሆናል። አደጋ ከሆነ በማሸጋችን የሚጎዳ የለም።»

አስከሬኑን መጀመሪያ ያዩት የጎረቤት ሱቅ ነጠላ ሻጭ፣ ወይዘሮ ሙሉእመቤት ናቸው። ስልሳን አልፈዋል። በራሳቸው ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ይመታሉ።

«ሁለት መቶ ብር ላዘረዝር ብዬ ብገባ... ምነው እግሬን በሰበረው!»

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል፣ እትዬ።»

«ማነው ያለው?» ቀና አሉ። «አዎ፣ ተጣልተናል! መደርደሪያውን ሲመታ ምስማሩ በኔ በኩል ወጥቶ ሦስት ነጠላ ቀደደብኝ። ታዲያ ለምስማር ተብሎ ሰው ይገደላል?» ድምፃቸው ተሰበረ። «ዛሬ ጠዋት እንኳ በደህና ነበርን። ያቺ ልጅ ግራጫውን ስታስወርደው ገብቼ፣ ‹ተመስገን፣ ዛሬስ ልትገላግይን ነው› ብያት ስቀናል።»

«የትኛዋ ልጅ?»

«ኬዝ መራጯ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትመላለስ የከረመችው። እነኋት፣ መጣች።»

ሮሃ በፓስታ ካርቶን የታጨቀ ዕቃ አቅፋ ቁልቁለቱን እየወረደች ነበር። የተሰበሰበውን ሰው ስታይ እርምጃዋ ቀነሰ። ነገሩን ሲነግሯት ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች።

ዕድሜዋ ሃያ ስድስት ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ቀጨኔ ውስጥ የራሷን የጽሕፈት አገልግሎት ሱቅ ልትከፍት ብላ የኮምፒውተሩን ዕቃ ዓመት ሙሉ አንድ በአንድ ስታጠራቅም ቆይታለች። የቀረው ኬዝ ብቻ ነበር፤ እጇ ላይ ያለው ደግሞ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር።

«ለአንድ ሣጥን ሦስት ሳምንት?» አላት ገለታ።

«ብር ያለው ሰው ዓይኑ ያረፈበትን ይገዛል» አለች እንባዋን እየጠረገች። «የኔ ብር አንዴ ከተሳሳተ ሁለተኛ የለውም።»

ሰርካለም አጠገቧ ተቀመጠች። «ያየሻቸውን ኬዞች ንገሪኝ። ምንም እንዳታስቀሪ።»

«ሦስት ናቸው። ጥቁሩ ፊቱ መስታወት ነው፤ ያምራል፣ ግን አየር ማስገቢያ የለውም፤ ዕቃው በሙቀት ይቃጠላል። ዋጋውም አይቀመስም። ነጩ ርካሽ ነው፣ ለመንኩትም ሊቀንስልኝ ነበር፤ ግን ቆርቆሮው ስስ ነው፣ ሲነኩት ይርገበገባል። ደግሞ ይኸው...» በፕላስተር የታሸገ ጣቷን አሳየች። «ከፊት ለፊቱ፣ ከታች፣ ከንፈሩ ሥር ይቆርጣል። ላዩን ሲያዩት ለስላሳ ነው። ጋሽ አሽረፍ ደሜን በሶፍት ጠረገልኝና ‹ይሄስ ላንቺ አይሆንም› አለኝ። ግራጫው ግን ከቢሮ የወጣ አሮጌ ነው። አያምርም። ግን ወፍራም ብረት ነው፣ ዕቃው የሚሰካበት ቦርዴም ልክክ ብሎ ገባበት። እሱን መረጥኩ።»

«መቼ?»

«ዛሬ አራት ሰዓት ላይ። ከባድ ስለሆነ ጋሽ አሽረፍና ቶለሳ ተጋግዘው አወረዱልኝ። አቧራውን እኔው ጠረግሁ። ‹ወገቤ እምቢ ብሏል፣ ደግሜ አልሰቅለውም፤ ከሰዓት በኋላ ዕቃሽን ይዘሽ ነይ› ብሎ ከጠረጴዛው እግር አጠገብ አኖረው።»

ሰርካለም በተከፈተው በር ወደ መደርደሪያው ባዶ ቦታ ተመለከተች። «በግራጫው ቦታስ ምን ተሰቀለ?»

«ነጩ። ቀላል ስለሆነ ጋሽ አሽረፍ ራሱ ነው የሰቀለው። ሰኞ ማታ በካርቶን ታሽጎ መጥቶለት፣ ዛሬ ጠዋት እኔ ፊት ነው የከፈተው።»

ኢንስፔክተሯ ተነሥታ ወደ ሱቁ ተመለሰች። ተንበርክካ የስልኳን መብራት ወደ ነጩ ኬዝ አበራች። ከንፈሩ ሥር፣ ጠርዙ ሳይታጠፍ በቀረበት በኩል፣ የደረቀ ደም አለ። አባቷ ያልታጠፈ ቆርቆሮ ሲያይ የተደበቀ ምላጭ ይለው ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሟቹ ታናሽ ወንድም ኢክረማ እየጮኸ ደረሰ። ገለታ ደረቱን ይዞ ከበር መለሰው። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች በፕላስተር ተጠቅልለዋል።

«መርካቶ ነበርኩ!» አለ እያለቀሰ። «ያንን ግራጫ ብረት ከዚያ ላይ አውርደው ብዬ ስንቴ ነገርኩት! ስንቴ!»

«ሱቁ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የነበርከው መቼ ነው?» አለችው ሰርካለም።

«እሑድ። ከእሑድ ወዲህ አልረገጥኩትም። እ... ማለቴ፣ ተኮራርፈን ነበር። የወንድማማች ነገር፣ በቃ።»

«እጅህስ?»

«መርካቶ የሱቅ ቆርቆሮ ቧጨረኝ።»

ራሷን ነቀነቀች እንጂ ሌላ አልጠየቀችውም።

በማግሥቱ ረቡዕ የሐኪሙ ቃል መጣ። የሟቹ ጭንቅላት ላይ ያሉት ቁስሎች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ከኋላ፣ ጎንበስ ባለበት የተመታ። ገለታ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበውና ቶለሳን አስጠራ። ቶለሳ የሱቁ ጠጋኝ ነው፤ ዝምተኛ፣ እጁ ከጣት ጫፍ እስከ አንጓው በአሮጌና በአዲስ ጭረት የተሸፈነ። በምሳ ሰዓት የት እንደነበረ ሲጠየቅ፣ «ላይ መንገድ፣ ብቻዬን ስበላ» አለ። ያየው ሰው የለም።

«ይሄው እኮ ነው» አለ ገለታ ወደ ኢንስፔክተሯ ጆሮ ጠጋ ብሎ። «እጁን እይው።»

«አየሁት» አለችና ወደ ቶለሳ ዞረች። «ሰኞ ሱቁ ውስጥ ምን ተፈጠረ?»

ቶለሳ አንገቱን ደፋ።

«ጌታህ ሞቷል፣ ቶለሳ። የምትጠብቅለት ምሥጢር ገዳዩን ነው የሚጠቅመው።»

«አንዲት ሴት መጣች» አለ በመጨረሻ። «ፊቷን ሸፍና። ኮምፒውተሯን እኛ ጋ አሠርታ ነበር። ከውስጡ ፎቶዎቿን ማን እንደወሰደ አታውቅም፤ አንድ ሰው ግን በስልክ ድምፅ እየላከ፣ ‹የምልሽን ካላደረግሽ ለባልሽ እልካለሁ› ይላታል። ለጋሽ አሽረፍ ድምፁን ስታሰማው... ወንበሩን ይዞ ተቀመጠ። ከሄደች በኋላ፣ ‹ከዛሬ ጀምሮ የሰው ዲስክ ኢክረማ እጅ አይገባም› አለኝ። ሌላ አልተናገረም። እኔም የቤቱን ገበና ማውጣት...»

አሽረፍ የተቀበረው የዚያኑ ቀን ከሰዓት ነው። ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ሰርካለም ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ ሙሉእመቤት፣ ቶለሳ፣ ሮሃ፣ ኢክረማ። የሁለቱ ወንድማማቾች እናት እማማ ኡሙሀኒ አልተጠሩም ነበር፤ ሰምተው መጡ። ማንም ሊመልሳቸው አልደፈረም። የአሽረፍ የሥራ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ነጩ ኬዝ የሚመረመረው ተመርምሮ መደርደሪያው ላይ ወደ ቦታው ተመልሷል።

«ኢክረማ» አለች ሰርካለም፣ ተራ ነገር እንደምትጠይቅ ሁሉ፣ «ቁመትህ ደህና ነው። እስኪ ያንን ነጩን አውርድልን።»

ኢክረማ ቀረበና ሁለት እጁን ዘረጋ። ጣቶቹ ከኬዙ ከንፈር ሲደርሱ ቆሙ። የሹራቡን እጅጌ ወደ መዳፉ ጎተተና በጨርቁ ላይ አሳርፎ አወረደው።

«እጅጌህን ለምን ጎተትክ?»

«ከታች ይቆርጣላ።»

ኬዙን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እንደሚቆርጥ በምን አወቅህ?» አለች ሰርካለም። «ላዩን ሲያዩት ለስላሳ ነው። ሰኞ ማታ ታሽጎ መጣ፣ ማክሰኞ ጠዋት ተከፈተ፣ ማክሰኞ ስምንት ሰዓት እኛ ሱቁን አሸግን። አንተ ደግሞ ከእሑድ ወዲህ አልረገጥኩም ብለኸኛል።»

«ርካሽ ኬዝ ሁሉ ይቆርጣል! ማንም ያውቃል!»

«እሺ፤ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ» አለችና ወደ ሁሉም ዞረች። «ከመደርደሪያ የሚወድቅ ዕቃ አንዴ ነው የሚወድቀው። ተነሥቶ ድጋሚ አይወድቅም። አሽረፍ ግን ሁለት ጊዜ ተመቷል። ስለዚህ ይህ አደጋ አይደለም፤ ሰው ነው። ያ ሰው ግራጫውን ከመሬት አንሥቶ መታው፣ ከዚያ ከላይ የወደቀ ለማስመሰል አሰበ። ቀና ቢል ግን በግራጫው ቦታ ነጩ ተቀምጧል። ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል። ነጩን ከሥሩ ይዞ አወረደው፤ ቆረጠው። ገፍቶ ከጠረጴዛው ሥር ደበቀው።»

ገለታ መሬት መሬት ያያል።

«አሁን ደግሞ ይህን ውሸት ማን ሊዋሽ እንደሚችል አስቡ። ማክሰኞ ጠዋት ግራጫው ሲወርድ ቶለሳ በአንድ በኩል ይዞት ነበር። እትዬ ሙሉእመቤት ቆመው አይተዋል። ሮሃ በእጇ ጠርጋዋለች። ሦስቱም ግራጫው መሬት ላይ እንደነበረ ያውቃሉ፤ ‹ከመደርደሪያ ወደቀ› የሚለው ተረት በሌሎቹ ፊት እንደማያዋጣቸውም ያውቃሉ። ግራጫው ሲወርድ ሰዎች እንዳዩት ያላወቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው በኔ ፊት ቆሞ ‹ከዚያ ላይ አውርደው ብዬ ስንቴ ነገርኩት› አለኝ።»

«እኔ...» አለ ኢክረማ።

«ከነጩ ሥር የተገኘው ደም የአሽረፍም የሮሃም ዓይነት አይደለም። መታወቂያህ ላይ ከተጻፈው የደም ዓይነት ጋር አንድ ነው። እሱ ብቻውን አይበቃም፤ ስለዚህ ስልክህን አየን። ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ወንድምህ ደውሎልሃል። ያቺም ሴት ቃሏን ሰጥታለች፤ ስሟን እዚህ አላነሣም። የላክህባት ድምፅ እጃችን ላይ ነው።»

«ለሌላ ለማንም ቢናገር ግድ አልነበረኝም!» ኢክረማ ድንገት ጮኸ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ለፖሊስ እሰጥሃለሁ ቢለኝ እንኳ... ‹ዛሬ ማታ ለእማ እነግራታለሁ› አለኝ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹ከእሷ ፊት ቆመህ ራስህ ንገራት› አለና ጀርባውን ሰጥቶኝ ሥራውን ቀጠለ። ለእማ! ለእማ እንዳይነግር ብቻ ነበር...»

የት እንዳለ ያስታወሰው ያኔ ነው። ቀስ ብሎ ዞረ። እናቱ የወንድሙ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩታል።

ተንበርክኮ እግራቸውን ያዘ። እማማ ኡሙሀኒ አልገፉትም፤ እጃቸውንም ራሱ ላይ አላኖሩም። ወይዘሮ ሙሉእመቤት አፋቸውን በነጠላቸው አፍነው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ቶለሳ እንባው አገጩ ላይ ሲደርስ እንኳ አልጠረገውም። ገለታ ቀርቦ ኢክረማን በብብቱ ይዞ አነሣውና ካቴና አጠለቀለት። ይዞት ወጣ።

ሰርካለም በዚህ ሥራ አሥራ ስድስት ዓመት ኖራለች። ለእናት የሚባል ነገር ግን እስከዛሬ አላገኘችም። ፊታቸው ቆመች።

እማማ ኡሙሀኒ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ» አሏት፣ «ፖሊስ ጣቢያ ደጅ ረግጬ አላውቅም። ለእስረኛ ምሳ የሚገባው በስንት ሰዓት ነው?»

«በስድስት ሰዓት፣ እማማ።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብለው አዩት። ለአምስት ሩብ ጉዳይ ይላል።

«እንግዲያው ምሳው ይደርሳል» አሉና ሻሻቸውን አጥብቀው፣ ማንንም ሳይደገፉ ዳገቱን ወጡ።